ለቡችላ የተላኩ ሽማግሌዎች

አባቴ ለቡችላ ሽማግሌ ልኳል። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ባሌማ ቀልድ መስሎት ከእናቴ አፍ እስኪሰማ ድረስ አላመነኝም ነበር። ግን እውነት ነው። ጋሽ ሳህሉ ነጭ ጋቢያቸውን በሱፍ ኮታቸው ላይ ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በአቶ ኪዳነወልድ አሮጌ ቶዮታ ለንደን ውስጥ ከስቶክዌል ተነስተው እኛን ከቶተንሃም ጭነው ኤንፊልድ ድረስ ሄደዋል። እዚያም አንዲት እንግሊዛዊት ሴትዮ ፊት ቆመው፣ "ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል" ብለዋል። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ከአባቴ ኋላ ተደብቄ እያየሁ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቡችላ ሊጠይቁልኝ የመጡ ግን አልመሰለኝም። ለእኔ ዋስ ሊሆኑኝ የመጡ ነበር የመሰለኝ። ነፍስ ያጠፋሁ ነኝ ብዬ አምን ነበርና።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

አባቴ ብዙነህ አዲስ አበባ ሳለ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ታሰረ፣ ተፈታ፣ ከዚያም አገር ለቆ ወጣ። እኔና እናቴ ዕፀገነት በኋላ ተከተልነው። ካውንስሉ፣ ማለት የሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት፣ የሰጠን ፍላት ምድር ቤት ነበር፤ ከጀርባው ምንጣፍ የምታህል ጓሮ አለችው። አባቴ ማታ ማታ ካምደን ውስጥ መኪና ማቆሚያ ይጠብቃል፣ ቀን ይተኛል። እናቴ ሆስፒታል ታጸዳለች። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ እንዳይነቃ በእግሬ ጣት ነው የምራመደው። የማዋራው ሰው ስላልነበረኝ ውሻ፣ ውሻ፣ ውሻ ስል ከረምኩ። እናቴ "ውሻ በኪራይ ቤት? ጉድ ፈላ!" ትላለች። አባቴ ግን ሆዱ ቶሎ የሚባባ ሰው ነው።

በዐቢይ ጾም ውስጥ አንድ ቅዳሜ አባቴ ኢንተርኔት ላይ ያገኘው ቁጥር ላይ ደወለ። ሰውዬው "ቤት ድረስ አትልፉ፣ እኔው አመጣላችኋለሁ" አለው። አንድ ትልቅ ሱቅ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተገናኘን። ሰውዬው የቫኑን ኋላ ሲከፍተው የሽንትና የበረኪና ሽታ ፊቴን መታኝ። ካርቶን ውስጥ አንድ ቡችላ ተኝቷል፤ ሆዱ ተነፍቷል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ጓደኞቹን ትቶ ሊሄድ ስለሆነ ያለቀሰ መሰለኝ። ሰውዬው ገንዘቡን ተቀበለ፣ ካርቶኑን ሰጠን፣ ሄደ። ስማችንን እንኳ አልጠየቀንም።

አባቴ አውቶቡስ ላይ ሲያመሰግነው ነበር የሄደው። "አየሽ ብፅዓት፣ ጨዋ ሰው ማለት እንዲህ ነው። አንዲት ጥያቄ የለ፣ አንዲት ማስረጃ የለ!" አለኝ። እኔም ጨዋ ሰው ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን የተማርኩ መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። አባቴ እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ ያልጠየቀው ሰው አልነበረም። ኢሚግሬሽኑ ጠየቀው፣ ካውንስሉ ጠየቀው፣ ሥራ ሊገባ ሲል ጠየቁት፤ ሲመልስላቸው ደግሞ እንደ ውሸታም ያዩታል። ምንም ያልጠየቀው ሰው የመጀመሪያው ያመነው ሰው መስሎት ነበር።

ቡችላውን ቦቢ አልነው። እናቴ ቦታውን ወዲያው ወሰነች፤ ጓሮ ያለችው የዕቃ ማስቀመጫ ሳንቃ ቤት። "ሥዕለ ማርያም ባለችበት ሳሎን ውሻ አይገባም፤ ነግሬያለሁ!" አለች። ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር፣ ዓርብ ዕለት ያ ሁሉ ብርድ ባይመጣ ኖሮ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦቢ ይንቀጠቀጣል። እናቴ ሥራ ናት፣ አባቴ ተኝቷል። ሹራቤ ውስጥ ሸጉጬ ሳሎን አስገባሁትና ልክ ከሥዕሏ ሥር ተቀመጥን። ምግብ እምቢ ስላለኝ ከጥጉ የቱርክ ሱቅ ወተት ገዝቼ በእናቴ የስኳር ሳህን ሰጠሁት። ትንሽ ላሰና ራሱን ጭኔ ላይ ጣል አደረገ። ዓርብ ነው፤ ያውም የሁዳዴ ዓርብ። አውቄዋለሁ፣ ግን ማን ያየኛል ብዬ ነው። ቀና ስል እመቤታችን ታየኛለች።

ብዙም ሳይቆይ ቦቢ አስመለሰው። ከዚያ ተዝለፈለፈ። ጮህኩ፤ አባቴ በካልሲው ሮጦ ወጣና በፎጣ ጠቅልሎ ወደ እንስሳት ሐኪም በረረ። ሲመለስ የያዘው ፎጣውን ብቻ ነበር።

ያን ቀን ወላጆቼ ወጥ ቤት ገብተው ሲያወሩ ከበሩ ኋላ ሰማኋቸው።

"ሐኪሟ በምን እንደሞተ ነግራኛለች" አለ አባቴ።

እናቴ "እና?" አለች። እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሆነ ነገር ነገራት። እናቴ "እግዚኦ!" ስትል ተሰማኝ።

"ለልጅቷ ግን እንዳትነግሪያት" አላት።

"ምን ብዬ እነግራታለሁ? ይህን ይዛ እንዴት ታድጋለች?"

በቃ፣ ሁሉ ነገር ገባኝ። ሐኪሟ ወተቱን ሆዱ ውስጥ አግኝታዋለች። እናትና አባቴ የገደልኩት እኔ እንደሆንኩ አውቀዋል፤ አዝነውልኝ ነው የሚደብቁኝ። ዓርብ በወተት ገደልኩት፣ ያውም በእመቤታችን ፊት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ለመቁረብ ሲሰለፉ ሆዴን አመመኝ ብዬ ከእናቴ ነጠላ ሥር ተወሸቅሁ። በሚቀጥለውም እሑድ አመመኝ፤ በፋሲካም አመመኝ። ምግብ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። እናቴ ግንባሬን እየዳሰሰች ሐኪም ቤት ይዛኝ ብትሄድ ምንም የለባትም ተባለች። አንድ ቀን ለአባቴ "ልጄ ከቁርባን ሸሸችብኝ እኮ፤ ይቺ ልጅ ልትሞትብን ነው" ብላ አለቀሰች። አባቴ ያዘንኩት ለቦቢ ብቻ መሰለው። መድኃኒቱም ሌላ ውሻ መሰለው።

ያቺው ሐኪም የአንዲት ውሻ አርቢ ስልክ ሰጠችው። ሴትዮዋ ሚስስ ፔን ትባላለች፤ ጺማም፣ ቡናማ፣ ቦርደር ቴሪየር የሚባሉ ውሾች ቤቷ ውስጥ ታራባለች። "ጥሩ ሰው ናት፤ ግን ለማንም አትሰጥም" ብላ ሐኪሟ አስጠንቅቃው ነበር። አባቴ ቀጥ ብሎ ቆሞ ደወለ። እናቴና እኔ ፊቱን እያየን ነው። ቀን ቀን ቤት ማን አለ? ውሻው የት ይተኛል? አገር ቤት ስትሄዱ ማን ጋ ይቆያል? ጓሮው ታጥሯል? ካውንስሉ ይፈቅዳል? ልጅቷ ትማታለች ወይስ ትታገሳለች? አባቴ ላብ በላብ ሆኖ ዘጋው።

"ይቺ ሴትዮ ከኢሚግሬሽን ትብሳለች!" አለ። "ቡችላ ልትሸጥ ነው ወይስ ልጇን ልትድር ነው?"

"እንግዲያው ሽማግሌ ላክባታ!" ብላ እናቴ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቀችው ሳቅ ነው። አባቴ ግን አልሳቀም። ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያም ስልኩን መልሶ አነሳና ጋሽ ሳህሉ ጋ ደወለ።

ጋሽ ሳህሉ ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ትልቁ ናቸው። ለንደን የመጡት በጃንሆይ ጊዜ ለትምህርት ነው፤ አማርኛቸውም እዚያው ጊዜ ላይ ቆሟል። ፓውንዱን ብር፣ ሲኒማውን "ትርኢት" ይሉታል። ያስታረቁትን ባልና ሚስት ቁጥር እሳቸውም አያውቁትም። አባቴ ቀልድ እንዳይመስልባቸው እየፈራ ነገራቸው። እሳቸው ግን ቆጣ ብለው፣ "ሴትዮዋ ልክ ናት! እኔ ልጄን ስድር እንዲህ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ያ ሰካራም አማቼ ባልሆነ ነበር። ቅዳሜ እንሄዳለን" አሉ። አቶ ኪዳነወልድን የመረጡት ደግሞ መኪና ስላለው ነው። ውሻ እንደሚፈራ አልነገራቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁትም።

መኪናው ውስጥ ኋላ ከጋሽ ሳህሉ ጋር ተቀመጥኩ። ጋቢያቸው የናፍታሊን ሽታ አለው። እጄን ያዙና "አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እኛ እያለን ምንም አትሆኚም" አሉኝ። ይኸው፣ እሳቸውም ሰምተዋል አልኩ በሆዴ። ወደ ዳኛዋ ነው የምንሄደው። ውሻ የገደሉ ልጆችን የምትጠይቅ ሴትዮ ማለት ናት፤ በስልክ የጠየቀችው ሁሉ ምርመራ ነበር። ለመለመን ሽማግሌ ይዘን እየሄድን ነው።

የሚስስ ፔን ወጥ ቤት ሞቃት ነበር፤ የዳቦና የረጠበ ጸጉር ሽታ አለው። ጥግ ላይ በዝቅተኛ አጥር ውስጥ ቡችሎች እርስ በርስ ተደራርበው ተኝተዋል፤ እናታቸው አጠገባቸው ሆና እኛን ታያለች። ሚስስ ፔን መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ሹራቧ ሁሉ የውሻ ጸጉር የሆነ አሮጊት ናት። ወንበር ስባ "ተቀመጡ" አለች።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ሳህሉ።

አባቴ ጆሮው ቀልቶ ተረጎመው፤ ጋሽ ሳህሉ እንግሊዝኛ ቢያውቁም ሽምግልና በአማርኛ ብቻ ነው ብለዋል። ሚስስ ፔን አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ ከዘራቸውን አየች። ከዚያ የምታጥበውን ሳህን አስቀመጠች፣ እጇን በፎጣ አደረቀች፣ ሹራቧን ወደ ታች ጎተት አደረገችና ፊት ለፊታቸው ቀጥ ብላ ቆመች። ወንበሮቹ ባዶአቸውን ቀሩ፤ ሁላችንም ቆምን። ለዚያ ነገር እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ልትስቅብን ትችል ነበር።

ጋሽ ሳህሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጃችን ጨዋ ልጅ መሆኗን፣ አባቷ አስተማሪ እንደነበረ፣ እናቷ እጇ የተባረከ መሆኑን፣ ቤቱ ሰላም ያለበት ቤት መሆኑን አንድ በአንድ ተናገሩ። ቀጥለው ደግሞ የራሳቸውን ጥያቄ አመጡ። "እኛም የምንጠይቀው አለን። የእናትና የአባትየው ዘር ምን ያህል ይራራቃል? እኛ አገር እስከ ሰባት ቤት ካልተቆጠረ አንጋባም።"

አባቴ "ጋሽ ሳህሉ፣ ኧረ ይቅርብዎ" ብሎ አንሾካሾከ።

"ተርጉም!" አሉት።

ተረጎመ። የሚስስ ፔን ፊት በራ። አባትየው ከስኮትላንድ እንደመጣ፣ የእናትየዋ አያት ማን እንደነበረች፣ የቅድመ አያቱ ስም ማን እንደሆነ፣ ዓይናቸው፣ ዳሌያቸው፣ ልባቸው እንዴት እንደተመረመረ ያለ ወረቀት ታወርደው ጀመር። ጋሽ ሳህሉ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ሰባት ቤት ሲያልፍ "በቃ፣ በቃ፣ አጥንቷ የታወቀ ነው" አሉ። ይሄን ጊዜ እናቲቱ ውሻ አጥሩን ዘልላ ወጣችና የአቶ ኪዳነወልድን ሱሪ አሸተተች። ምስኪኑ ሰውዬ "በስመ አብ!" ብሎ ወንበር ላይ ወጣ፤ ወንበር ላይ እንደቆመም ሽምግልናው ቀጠለ።

እኔ አልሳቅሁም። ውሻዋ ከእሱ ወደ እኔ መጥታ ጉልበቴን፣ ቀጥሎም እጄን ስታሸት የቦቢን ወተት አሸተተችብኝ ብዬ ደርቄ ቀርቻለሁ። ሚስስ ፔን ያኔ ነው የጠየቀችው። "ከዚህ በፊት ውሻ ነበራችሁ?"

"ነበረን" አለ አባቴ። "ሞተ።"

እሷም ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ። እኔ የወለሉን ሸክላ አየሁ።

"ዛሬ አልሰጥም" አለች በመጨረሻ። "በመጀመሪያ ቀን ከእኔ ቤት ማንም ቡችላ ይዞ ወጥቶ አያውቅም። እነሱም ገና ጡት አልጣሉም። መጀመሪያ እኔ መጥቼ ቤታችሁን ልይ።"

መኪና ውስጥ ጋሽ ሳህሉ በደስታ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ይመቱ ነበር። "ሰማችሁ? ዛሬ ሂዱና ሌላ ቀን ኑ አለችን! ወጉን ማን አስተማራት? በአንድ ቀን እሺ ብትል ኖሮ ነበር የምጠረጥራት!" አባቴም ከስንት ቀን በኋላ ትከሻው ቀለል ብሎት ይስቃል። እኔ በመስኮቱ በኩል ዞሬ ድምፅ ሳላሰማ አለቀስኩ። አይታኛለች፣ ገብቷታል፤ ለነፍሰ ገዳይ ቡችላ አይሰጥም።

ለሚስስ ፔን መምጣት እናቴ ቤቱን ያጸዳችው ለአማት እንደሚጸዳ ነው። ሚስስ ፔን ግን ሳሎኑን ትታ አጥሩን እየነቀነቀች፣ ሽቦውን እየሳበች፣ በሩ ሥር ጎንበስ እያለች ቼክ አደረገች። የሳንቃውን ቤት ሲያሳዩዋት ራሷን ነቀነቀች። "እዚህ አይሆንም። ሰው ባለበት ነው መተኛት ያለባት።" እናቴ ከንፈሯን ነከሰች።

ከዚያ ሚስስ ፔን ሳሎን ገብታ፣ ሥዕሏ ሥር፣ ልክ እኔና ቦቢ የተቀመጥንበት ቦታ ላይ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "ብፅዓት" አለችኝ፤ ስሜን አበላሽታ፣ ግን ቀስ ብላ። "የመጀመሪያው ውሻሽ ምን ሆነ?"

አባቴ ሊመልስ ሲል በእጇ አስቆመችው።

"እኔ ገደልኩት" አልኳት።

ሁሉንም አወጣሁት። ብርዱን፣ ሹራቤን፣ የቱርኩን ሱቅ፣ የስኳር ሳህኑን፣ ዓርብ መሆኑን፣ የሁዳዴ ዓርብ መሆኑን። እመቤታችን እያየችኝ እንደነበር በጣቴ ወደ ላይ አሳየኋት። ሚስስ ፔን ግራ ገብቷት "ዓርብ ምን አለበት?" ብላ አባቴን አየችው። እናቴ ናት የተናገረችው፤ በዚያች ከሆስፒታል ኮሪደር በለቀመቻት እንግሊዝኛ። "ልጄ እስከዛሬ የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ ነው የኖረችው" አለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና አለቀሰች።

"ከየት ነበር የገዛችሁት?" አለች ሚስስ ፔን። አባቴ ነገራት። "እናቱን አይታችኋል?" አላየንም። "ሰውዬው የጠየቃችሁ ነገር አለ?" የለም። መነጽሯን አወለቀችና ሁለቱን እጆቼን ያዘች።

"ስሚኝ። ያ ቡችላ አንቺ ሳታዪው በፊት ነው የታመመው። ከእናቱ ያለ ጊዜው ነጥቀውታል። ሐኪሟ ነግራኛለች፤ አብረውት የተሸጡት ወንድሞቹም አልተረፉም። ወተት ለቡችላ ጥሩ አይደለም፣ ሆዱን ያበላሸዋል፤ ዳግመኛ እንዳትሰጪ። ግን እሱን የገደለው ወተት አይደለም። አንቺ የሰጠሽው ሙቀት ብቻ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ያገኘው ጥሩ ነገርም እሱ ሳይሆን አይቀርም።"

አባቴ ፊት ለፊቴ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። "ሐኪሟ ያን ቀን ነግራኝ ነበር እኮ" አለኝ በአማርኛ። "እንዲህ ዓይነት ሰው በዓለም ላይ አለ ብዬ ልነግርሽ አልፈለግሁም። ደግሞ አፈርኩ ልጄ። ተታልዬ የገዛሁልሽ እኔ ነኝ።" አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። እናቴ ደግሞ "እንግዲህ ወጥ ቤት ትተኛ፤ ምን ይደረጋል" ብላ አፍንጫዋን ጠረገች።

ቡችላዋን የተረከብናት በሰኔ ነው። ሽማግሌዎቹ አብረውን ሄዱ፤ አቶ ኪዳነወልድ ከመኪናው አልወርድም አለ። ሚስስ ፔን ለአባቴ አንድ ቃል አስገባችው። ቢቸግራችሁም፣ ብትታመሙም፣ ብትሰለቹም ለሌላ ሰው እንዳትሰጧት፤ በማንኛውም ሰዓት መልሳችሁ ለእኔ አምጧት። ጋሽ ሳህሉ ይህን ሲሰሙ ድገምልኝ አሉት። ሲደግምላቸው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። "ይኸው፣ የወላጆቿ ቤት አይዘጋባትም ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ይባላል?" አሉ። ስሟንም እሳቸው አወጡላት፤ ሙሽራ።

ሙሽራ አድጋ፣ አርጅታ፣ ጺሟ ሸብቶ፣ ጭኔ ላይ ሞተች። ሚስስ ፔን በየዓመቱ በልደቷ ቀን ትደውል ነበር፤ እናቴም "እትዬ ፔን" እያለች በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቀላቅላ ታወራት ነበር። ሰርጌ ላይ ሚስስ ፔን የተቀመጠችው ከእኛ ቤተሰብ ጋር ነው። ሰው "ማናቸው?" ሲል አባቴ "ዘመዳችን ናቸው" ይላል፤ አይቀልድም።

ሙሽራ ቤታችን በገባች በመጀመሪያው ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ የዶሮ ሥጋ ሸተተኝ። ደነገጥኩ። የሐዋርያት ጾም ገብቷል። እናቴ ሥራ መሄድ ሲገባት ቤት ናት፤ ምድጃው አጠገብ ቆማ ዶሮ ቀቅላ አጥንቱን እየለቀመች ሥጋውን በጣቷ ታደቅቃለች። ሙሽራ እግሯ ሥር ተቀምጣ ጅራቷ ወለሉን ይጠርጋል። ረስታው መሰለኝ።

"እማዬ" አልኳት በቀስታ፣ "ዛሬ እኮ ዓርብ ነው።"

ዛሬ ሳስበው እናቴ ዓርብን ረስታ አታውቅም። ከሥራ የቀረችው ለዚያ ነበር፤ እኔ በር ከፍቼ ስገባ እንዳያት።

"አውቃለሁ" አለችኝ ሳትዞር። "እሷ አልተጠመቀች፣ ምን ያጾማታል?"

ከቁምሳጥኑ ያቺን የስኳር ሳህን አወጣችና ሥጋውን ሞልታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"በይ ስጫት" አለችኝ። "እሑድ ደግሞ ትቆርቢያለሽ።"